ኮምፒውተር በድስት

ነገሩ አደጋ መሆኑ የገባኝ ጠጋኙ ስልክ ላይ ዝም ያለ ጊዜ ነው።

ጋትሉዋክ ይባላል። ከባሮ ድልድይ ማዶ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ወሬ ይወዳል፤ አንድ ጊዜ ውኃ የገባበት ስልክ ወስጄለት ስልኩ እስኪደርቅ ስለ ዘመዶቹ ሁሉ ነግሮኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው፣ ልጄ አሪየት ደውላ "ኮምፒውተሩ ሆዱ ተነፍቷል" ስትለው ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ሄሎ ሄሎ አልን። ከዚያ ሐኪም ለበሽተኛ ዘመድ እንደሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የት እንዳስቀመጥነው ጠየቀ። ጠረጴዛ ላይ፣ አለችው። ላዩ ላይ ነገር አለ ወይ፣ አለ።

አሪየት እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ላዩ ላይ የመዝሙር መጽሐፎች ነበሩ። የደረደርኳቸው እኔ ነኝ። እብጠቱ ይመለሳል ብዬ ነው።

ከመሳቃችሁ በፊት ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ነው የምትማረው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይሄንንም የምጽፈው ፊደል እየለቀምኩ ነው። ስለዚህ እሷ ስታወራኝ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ራሴን እየነቀነቅሁ አሳልፈዋለሁ። ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ጓደኞቿ ለመመረቂያ ሥራቸው ስለ ሱቅና ስለ ክሊኒክ ሲጽፉ እሷ ቼዝ መረጠች። መጫወቱን እንኳ አይደለም። ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም አለ፤ ያንኑ አንዱን ፕሮግራም የተለያየ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ የትኛው ላይ ቶሎ እንደሚያስብ መለካት ነው ሥራዋ። ሻጭ ሁሉ የኔ ፈጣን ነው ይላል። እሷ አፍ አታምንም፤ ሁሉንም እኩል ትፈትናለች።

አልገባኝ ሲል እንዲህ አለችኝ። "ማማ፣ ሦስት ሴቶች ጥሪ። ለሦስቱም እኩል በቆሎ ስጪያቸው፤ ሙቀጫውም አንድ ዓይነት ይሁን። ከዚያ ማን ቀድማ እንደምትወቅጥ እዪ። ሙቀጫው ፕሮግራሙ ነው፤ የሴቲቱ ክንድ ፕሮሰሰሩ ነው።"

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሴት ሁለት ክንድ ነው ያላት፤ አንዳንዱ ፕሮሰሰር ግን አራት፣ አንዳንዱም ስምንት ክንድ አለው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይወቅጣሉ። እኔ እናታችሁ ይሄን ስሰማ ቀናሁ። ቼዙንም አስተማረችኝ፤ ብዙውን ረሳሁት፣ አንዱ ግን አልጠፋኝም። ንጉሡ ቦታው ላይ ተጎልቶ አንድ አንድ እርምጃ ይላል፤ ንግሥቲቱ ግን ሜዳውን ሙሉ ስትሮጥ ትውላለች። ይሄን ጨዋታ የፈጠረው ሰው ባሌን ሳያውቀው አልቀረም።

ፕሮግራሙ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ፣ ፈረሱ እዚህ ቢዘል፣ ወታደሩ እዚያ ቢሄድ እያለ ምን ያህል ነገር እንደሚያይ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የመኪና ታርጋ አይበቃውም፤ እንደዚያ ረጅም ነው። እኔ ገበያ ወጥቼ የቱን ዓሣ ልውሰድ ብዬ ሳማርጥ ፀሐይ አናቴ ላይ ትደርሳለች። ይሄ ግን ሳልተነፍስ አይቶ፣ አማርጦ፣ ጥሎ፣ እንደገና ያማርጣል። ቁጥሩ ሲሮጥ አፌን ከፍቼ አይ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ያን ሁሉ ቁጥር እያየች አንገቷን ደፍታ የምትጽፈው ከኔ የወጣች ልጅ መሆኗ ነው።

መጀመሪያ የኮሌጁን አሮጌ ኮምፒውተር ለካች፤ ሣጥን የሚያህለውን፣ ሲያስነሱት ሁለት ሰው የሚይዘውን። ቀጥሎ የራሷን ስልክ ለካች። ስልኩ አሸነፈ። በኪስ የሚገባ ነገር ያን ግንድ የሚያህል ሲያሸንፍ፣ እኔ ራሴ አጭር ስለሆንኩ፣ ዘመዴ ያሸነፈ ያህል ደስ አለኝና ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ማንም አልገባውም። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ አለኝ።

ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ላፕቶፕ ነው። አሪየት የመዘምራኑን መዝሙር ስለምትተይብበት ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት እንዲቀመጥ ፈቅደዋል፤ ለመመረቂያዋም ተጠቀሚበት ብለዋታል። ጎበዝ ነበር። ግን ወሩ መጋቢት ነው፤ መጋቢት በጋምቤላ ምን እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ጠዋት የሚሮጠው ቁጥር እኩለ ቀን ላይ እየተጎተተ ይወርዳል። ሲሞቀው እንዳይቃጠል ብሎ ሥራውን ራሱ ይቀንሳል፣ አለችኝ። አስተዋይ ነው፤ እኛስ በዚያ ሰዓት ማን ይሠራል? እሷ ግን የሙቀቱንም ልዩነት ልያዝ ብላ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ደጋገመችው። መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጀር ላይ ነው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ይወዛወዝ ጀመር። እኔ ጠረጴዛው ነው ብዬ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ አስገባሁ። ጠረጴዛው ረጋ፤ ኮምፒውተሩ አልረጋም። ገልብጬ ሳየው ሆዱ ወባ የደጋገመው ልጅ ሆድ መስሏል። እብጠት መጫን ይወዳል ብዬ መጽሐፎቹን ከላይ ደረደርኩና ራሴን አደነቅሁ። አሪየት የመጨረሻውን ሙከራ ልትሠራ ከኮሌጅ ስትመጣ ያገኘችው ይሄንን ነው።

እንግዲህ ጋትሉዋክ ስልኩ ላይ ያለን ይሄ ነው። መጽሐፎቹን በቀስታ አንሱ። ቻርጀሩን ንቀሉ። እንዳታበሩት። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ውኃ አታስነኩት። ያበጠው ባትሪው ነው፤ ከተቆጣ እሳት ነው። ብረት ዕቃ ውስጥ ደረቅ አሸዋ አድርጋችሁ፣ እሱን እዚያ አስገብታችሁ፣ ክዳኑን ሳታጠብቁ ከሰው ራቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ነገ እመጣለሁ።

ከሰው ራቅ ያለ ቦታ። ግቢያችንን ዞሬ አየሁት። ማድ ቤቱ ሣር ክዳን ነው። አጥሩ ደረቅ ሣር ነው። የጎረቤት ቤት ሣር ነው። ሣር ያልሆነው ቦታ ላይ ደግሞ የሰፈር ልጆች አሉ፤ የተሸፈነ ነገር ካዩ ሳይከፍቱ አያድሩም። ስልኩን ተቀብዬ እስከ ነገ አይቆይም፣ አሁን እናመጣልሃለን አልኩት። እሺ ግን በቀስታ፣ አለ።

ጎረቤታችን ቤት ሊሠራ ያስመጣው የባሮ አሸዋ ደጃፉ ላይ ተቆልሎ ነበር። ከዚያ ዘገንኩ። ዕቃው ለጉባኤ ዓሣ የምሠራበት ትልቁ ድስቴ ነው። ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ አስተኛሁት፣ አሸዋ አለበስኩት፣ ክዳኑን ጣል አድርጌ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከላይ ሸፈንኩ። ልሸከም ስል አሪየት ያዘችኝ።

"ማማ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት። እኔ ልያዘው።"

"አንቺ ከኋላ ነሽ። ራቅ ብለሽ።"

"ቢፈነዳስ?"

"ከፈነዳ እኔ ላይ ይፈንዳ። እኔ የምመረቀው ነገር የለኝም።"

ይሄን ስል ደፋር መስዬ ነበር። ከቤት ስወጣ ግን ከልማዴ ድስቱን አናቴ ላይ አወጣሁት፤ ልጄ ስትጮህ ነው ያወረድኩት።

ባጃጅ አገኘን። ሹፌሩ ከአቦቦ የመጣ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ማዘር እያለ በአክብሮት ነው የሚያናግረኝ። መንገዱ ጉድጓድ ነው። አንድ ጉድጓድ ስንገባ ድስቱን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ ስንወጣ አወርዳለሁ። ቀስ በል ልጄ አልኩት። ወጡ እንዳይደፋብዎት ነው፣ ብሎ ሳቀ። እኔ አማኝ ነኝ፤ መዋሸት አልችልም።

"ወጥ አይደለም። ኮምፒውተር ነው። ሊፈነዳ ይችላል።"

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በመስታወቱ አሪየትን አያት። አሪየት አልሳቀችም። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ባጃጁን አቆመ፣ ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመና፣ "ማዘር፣ ባጃጁ የሰው ነው። እኔም ገና አላገባሁም" አለኝ። ሒሳብም አልተቀበለኝም። ቶሎ እንድንወርድለት ብቻ ነው የለመነን።

በእግር ድልድዩን ጀመርነው። እውነት መናገር ባጃጅ እንደሚያሳጣ ስለተማርኩ፣ ጠጋኙ ቤት እስክደርስ አፌን ላልከፍት ወሰንኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኔ ቀልቶ እንባ ያወርዳል። ድስቱን አቅፌያለሁ። ልጄ ከኋላዬ አንገቷን ደፍታ ትከተለኛለች፤ ስለቀረባት ሙከራ እያሰበች ነው። የመዘምራኑ መሪ አጁሉ ከልምምድ ከሚመለሱት ሴቶች ጋር ከፊት ለፊታችን የመጣችው በዚህ መልካችን ላይ ነው።

አጁሉን ላስተዋውቃችሁ። ከኔ ታላቅ ናት። ያለ ማይክራፎን ባሮን የሚሻገር ድምፅ አላት። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ደግሞ አንድ ልማድ አለን። አንዲት ሴት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ድስት ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ ስትሄድ ካየን ለቅሶ ቤት ምግብ እየወሰደች ነው። ማን ሞተ ብሎ መንገድ ላይ መጠየቅ ነውር ነው፤ ልብሷን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ መከተል ነው። የሟቹን ስም ስንደርስ እንሰማለን።

አጁሉ እኔን አየች። ድስቱን አየች። ልብሷን አናቷ ላይ ሳበችና ዞራ ከጎኔ ገባች። ሌሎቹም ገቡ።

ልነግራት ነበር። ግን አስቡት፤ ድልድዩ መሐል ነን፣ መሄጃው ጠባብ ነው፣ ከሥር ባሮ አለ፣ ባሮ ውስጥ አዞ አለ። ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይዣለሁ ብዬ ብናገር ማን በየት በኩል እንደሚሮጥ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚያውቀው። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ስታይ አጁሉ ጭራሽ አዘነችልኝና ድስቱን ልቀበልሽ አለች። አይሆንም አልኩ። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሸከምም ብላ በአንድ ጆሮው ያዘችው። እኔ በሌላው ሳብኩ። እሷ ለፍቅር ትስባለች፣ እኔ ለነፍስ እስባለሁ፣ ድስቱ መሐላችን ይንገጫገጫል።

"አትነቅንቁት!" ብላ አሪየት ከኋላ ጮኸች።

አንዷ ሴት ወዲያው አቀፈቻት። ምስኪን፣ ሐዘኑ በጣም ገብቷታል፣ አለች። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የተጀመረው። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ አጁሉ ከፍ አደረገችው። ድልድዩን ስንጨርስ ከማዶ የነበሩ ሴቶችም ሻይ መሸጫቸውን ለጎረቤት አደራ እያሉ ይቀላቀሉን ጀመር። አሁን መናገር እችላለሁ ብዬ አፌን ብከፍት የሚሰማኝ ጠፋ። አጁሉን በጆሮዋ "ማንም አልሞተም" አልኳት። ጀርባዬን እየደባበሰች፣ መጀመሪያ ሁላችንም አናምንም፣ አለችኝ።

እንዲህ ሆነን ጋትሉዋክ ሱቅ ደረስን።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰው ስልክ ፈቶ ነበር። ቀና አለ። ሴቶቹን አየ፣ ልብሱን አናት ላይ አየ፣ ለቅሶውን ሰማ፣ እግራችን ወደ እሱ ደጅ እንደሚመጣ አየ። የጋትሉዋክ እናት ከድንበር ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ናት። መርዶ ደግሞ ለሰው በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ቤቱ ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"እናቴ ናት?" አለ።

ፊቱን ሳየው ድስቱን ረሳሁት። ፍርሃቴንም ረሳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

"ማንም አልሞተም! ኮምፒውተሩን ነው ያመጣንልህ! ያበጠውን!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ብቻ ከጀመረችው ወዲያው መውጣት አቅቷት ትንሽ ቀጠለች፤ ከዚያ እሷም አፈረችና ተወች። ጋትሉዋክ እኔን አየኝ፣ ድስቱን አየ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ስልኩን አንስቶ እናቱ ጋ ደወለ። በኑዌርኛ ስለሆነ ቃሉን አልያዝኩትም፤ ነገር ግን በሥራ ሰዓት ያለ ምክንያት የተደወለላት እናት ስትቆጣ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። እሱ ያን ቁጣ እየሰማ በሁለት ዓይኑ እንባ ያፈስ ነበር፤ ጥርሱ ግን ይስቃል።

አጁሉ ወደ እኔ ዞረች።

"ለባትሪ ነው ያስለቀስሽኝ?"

"ነግሬሽ ነበር።"

"ደህና አድርገሽ አልነገርሽኝም። ጉሮሮዬ እሑድ ያስፈልገኛል።"

የቤተ ክርስቲያኑ ኮምፒውተር ነው፣ መዝሙሮቻችን ሁሉ ያሉበት፣ ስላት ፊቷ ተለወጠ። ቁጣውን በአንድ አፍታ ትታ ሴቶቹን ለጸሎት አሰለፈቻቸው። ጋትሉዋክ ሁሉም ከመንገዱ ማዶ ይሂድ አለ። ሁሉም ሄደ፤ አሪየት ቀረች። እሷ ስለቀረች እኔ ቀረሁ፤ በእሷና በጠረጴዛው መሐል ቆምኩ። እናቴ፣ ብርሃኔን ጋርደሽብኛል፣ አለኝ ጋትሉዋክ። ትንሽ ጎንበስ አልኩ፤ አልሄድኩም።

ያ ሰው ሲሠራ ያላየ እጅ ምን እንደሆነ አላየም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሆዱን ሲከፍተው ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቶ ወጣ፤ የገማ ጣፋጭ ነገር ሽታ ሸተተኝ። በሙጫ ተጣብቋል። ብረት አላስነካውም፤ አሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ሥሩ አስገብቶ፣ እየጠበቀ፣ እየተነፈሰ፣ እንደገና እየገፋ ለቀቀው። ያ ወሬኛ አንዲት ቃል አልተናገረም። ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ በክንዱ እየጠረገ ከባትሪው ያርቀው ነበር። እኔ በልቤ የማውቃቸውን ጸሎቶች ሁሉ ጨርሼ የማላውቃቸውንም ጀምሬ ነበር። በመጨረሻ ባትሪውን በሁለት እጁ አንስቶ አሸዋው ውስጥ አኖረው፣ ድስቱን አቅፎ ከሱቁ ጀርባ ካለው ባዶ ሜዳ ወስዶ አስቀመጠው። ድስቴን ዳግም እንደማልፈልገው ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሲመለስ አሪየት ከኋላዬ አንገቷን አውጥታ ያለ ባትሪ ይሠራል ወይ አለችው። ልጅቷ ከሞት አፍ ወጥታ የምትጠይቀው ይሄንን ነው።

ሠራ። መብራት ነበር፤ ሶኬት ላይ ሰካው፣ የራሱን ቬንትሌተር ወደ ኮምፒውተሩ አዞረለት። አሪየት ያንኑ ፕሮግራም፣ ያንኑ የቼዝ አቀማመጥ ከፍታ የመጨረሻውን ሙከራ ጀመረች። ሴቶቹ አደጋው አለፈ ሲባሉ ሱቁን ሞሉት። አሪየት ስልኳ ያመጣውን ቁጥር ስትነግራቸው፣ ምን እንደሚታይ ሳይገባቸው ስልኩን የሚደግፉና የቤተ ክርስቲያኑን የሚደግፉ ሆነው ተከፈሉ። ቁጥሩ ተነሳ። ሮጠ። እኛ ቤት እንዳየሁት ይዝላል ብዬ ጠበቅሁ፤ በቬንትሌተሩ ነፋስ ውስጥ አልዛለም። እኛ ቤት በቀትር ስልኩ ሊደርስበት ጥቂት የቀረው ኮምፒውተር እዚህ ስልኩን ጥሎት ጠፋ። አጁሉ እልል አለች።

ጋትሉዋክ የአሪየትን ሥራ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ለኔ፣ "እናቴ፣ ልጅሽ የለካችው ፕሮሰሰሩን ብቻ አይደለም። የጋምቤላን ፀሐይ ነው የለካችው" አለኝ። እኔ ጨርቄን ፊቴ ላይ ያዝኩት። ላብ ነው አልኳቸው።

አጁሉ ግን ቁጥሩን ጠጋ ብላ ካየች በኋላ ማንን እንዳሸነፈ ጠየቀች። አሪየት ማንንም አላሸነፈም፣ ብቻውን ነው የሚያስበው፣ አለቻት። ታዲያ ይሄን ሁሉ የሚያስበው ለማን ነው፣ አለች አጁሉ።

ሴቶቹ እንዲህ በቀላሉ አይለቁንም፤ ለቅሶ ብለው ጀምረው በመዝሙር እስከ ቤታችን ሸኙን። ኮምፒውተሩ አዲስ ባትሪ እስኪመጣለት ጋትሉዋክ ጋ ቀርቷል። ጎረቤቶቼ ደጃፍ ላይ ሆነው ምንድን ነው ሰልፉ ሲሉን አጁሉ ከመጀመሪያው እየተረከች፣ በየቤቱ እኔን ትንሽ ትንሽ ሞኝ እያደረገች አለፈች። አላረምኳትም።

አሁን ቤቴ ገብቼ ተቀምጫለሁ። ልጄ ጎኔ ሆና እየበላች ታወራኛለች፤ ግማሹ አይገባኝም፣ ሁሉንም እሰማታለሁ። የተቃጠለ ነገር የለም። የተጎዳ ሰው የለም። ደህና ገብተናል።